ተቀባዩ የት ሄደ? ስለ አንድ የተዘነጋ የባሮክ ኦፔራ ቀረጻና ስለ ወለጋ ዜማዎች



የዚህ ንግግር ማስታወቂያ በተለጠፈ ማግሥት አንድ ባልደረባዬ ደረጃው ላይ አስቁሞኝ፣ «ነቀምቴ ላይ ቆመህ ስለ ሉዊ አሥራ አራተኛ ኦፔራ ምን ልትነግረን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚያን ጊዜ የሰጠሁት መልስ ግን አጭርና ጥቂት ማምለጫ የነበረበት ነው፤ «ኦፔራው የሚፈጸመው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው» አልሁት። እርሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እውነተኛውን መልስ ዛሬ ልስጥ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ።

ኦፔራው «ፔርሴ» ይባላል። ዜማውን የደረሰው በፍሎሬንስ ተወልዶ በፈረንሳይ ቤተ መንግሥት የሙዚቃ ሁሉ አዛዥ ለመሆን የበቃው ዣን ባቲስት ሉሊ ሲሆን፣ ግጥሙን የጻፈው ፊሊፕ ኪኖ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ፓሪስ ውስጥ በሚያዝያ 1682 ነው። አንድ መቅድምና አምስት ገቢሮች አሉት። ታሪኩ ከሮማዊው ባለ ቅኔ ከኦቪድ የተወሰደ ነው፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ ሴፌዎስ፣ ኩራቷ በአማልክት ዘንድ ያስጠላት ንግሥት ካሲዮፔ፣ ልጃቸው አንድሮሜዳ፣ እርሷን ለማግባት የታጨው የንጉሡ ወንድም ፊኔ፣ ከዚያም የሜዱዛን ራስ ቆርጦ፣ ከባሕር የወጣውን አውሬ ገድሎ ልጅቱን የሚያድነው ፔርሴ። የሥነ ፈለክ ትምህርት የቀመሳችሁ ተማሪዎች የእነዚህን ሰዎች ስም ከሰሜናዊው ሰማይ ከዋክብት ታውቁታላችሁ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ከስሟ በቀር የኢትዮጵያ ምንም ነገር የለም። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ ወዲያ ያለውን ሩቅ አገር ሁሉ ማለታቸው ነበር፤ አንድሮሜዳ የታሰረችበትን ዐለት ኢዮጴ ወደብ ላይ ያደረጉም ጥንታውያን ጸሐፊዎች አሉ። ይሁንና አለማወቁ ሰበብ የሌለው ነበር። ኦፔራው ከመታየቱ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ1681፣ ሂዮብ ሉዶልፍ ታላቁን የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉን ፍራንክፈርት ላይ አሳትሞ ነበር፤ የዕውቀቱም ዋና ምንጭ በ1652 ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በራሱ በ1682 ደግሞ ጎንደር ላይ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዐርፈው ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ነገሡ። የፓሪስ ተመልካች የወርቅ ጥልፍ ለብሶ በፈረንሳይኛ የሚዘፍን «የኢትዮጵያ ንጉሥ» ሲያጨበጭብለት፣ እውነተኛው ንጉሥ የራሱን ከበሮና መለከት እያሰማ ነበር ማለት ነው። ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም። በዚያ መድረክ ላይ ግሪኩም ፋርሱም የፈረንሳይ መኳንንት መልክ ነበረው፤ ለእኛ ብቻ የተደረገ በደል አልነበረም።

እኔን ወደዚህ ሥራ የሳበኝ ስሙ ነው፤ ያቆየኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከሞት የተነሣበት መንገድ።

«ፔርሴ» ከሉሊ ሞት በኋላም እስከ ዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ በፓሪስ መድረክ እየታደሰ ሲታይ ቆየ። በ1770 የኋላው ሉዊ አሥራ ስድስተኛ ማሪ አንቷኔትን ሲያገባ የቬርሳይ ቤተ መንግሥት አዲስ የኦፔራ አዳራሽ የተመረቀው በዚህ ሥራ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ለዘመኑ ጣዕም እንዲመች ሌሎች ሙዚቀኞች ዜማውን ቆርጠውና ቀጥለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጸጥታ ሆነ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል «ፔርሴ» የሚነበብ እንጂ የሚሰማ አልነበረም። በ1987 ዊሊያም ክሪስቲ የሉሊን «አቲስ» የተባለ ኦፔራ ፓሪስ ላይ ባነሣ ጊዜ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ በሩ ተከፈተ። «ፔርሴ»ም በ2001 በሃርፕሲኮርድ ተጫዋቹ በክሪስቶፍ ሩሴ መሪነት፣ ሌ ታላን ሊሪክ በተባለው ጓድ፣ በዘመኑ መሣሪያዎች ተቀረጸ። የ1770ው ቅጂም ከዓመታት በኋላ በኤርቬ ኒኬ መሪነት ለብቻው ተቀርጿል።

«በዘመኑ መሣሪያዎች» የሚለው ሐረግ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለምና እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ።

የ«ፔርሴ» ሙሉ ኖታ በታየበት ዓመት በክሪስቶፍ ባላር ማተሚያ ቤት ታትሟል። ስለዚህ የጠፋ ነገር የለም ልትሉ ትችላላችሁ። ሆኖም ያንን ኖታ ለዛሬ ኦርኬስትራ ብትሰጡት የሚወጣው ድምፅ ሉሊ የሰማው አይሆንም። የሉሊ የአውታር ቡድን በአምስት ድምፅ የተከፈለ ነበር፤ ከላይ ቫዮሊኖች፣ ከታች ትልልቅ ባሶች፣ በመካከል ደግሞ መጠናቸው ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ ሦስት ዓይነት ቪዮላዎች። ሃያ አራቱ የንጉሡ ቫዮሊኖች የተባሉት ስድስት፣ አራት፣ አራት፣ አራት፣ ስድስት ሆነው ይሰለፉ ነበር። የዛሬው ኦርኬስትራ ከሦስቱ መካከለኞች አንዱን ብቻ አስቀርቷል። መሣሪያዎቹ ከፋሽን ሲወጡ ተቆራርጠው ለሌላ ሥራ ውለዋል፤ ስለዚህ በኋላ የቬርሳይ የባሮክ ሙዚቃ ማእከል ከባለሙያ ጠራቢዎች ጋር ሆኖ እንደገና እስከ ማሠራት ደርሷል።

ቅኝቱም ሌላ ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ የቅኝት መነሻ በሰከንድ 440 ንዝረት ሲሆን፣ የያን ዘመን የፓሪስ ኦፔራ ወደ 392 ይጠጋ እንደ ነበረ ይታመናል። ይህ አንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ ማለት ነው። በከፍተኛው ቅኝት የሚጮኸው ዘፋኝ በዝቅተኛው ይናገራል፤ የፈረንሳይ ኦፔራ ደግሞ ከዘፈን ይልቅ ለንግግር የቀረበ ነው። አውታሮቹም የበግ አንጀት ነበሩ እንጂ ብረት አልነበሩም። አንጀት እርጥበት ሲነካው ይረግባል፣ ሲደርቅ ይበጠሳል፤ ቀራጮቹም በየጊዜው ሥራ እያቋረጡ መልሰው መቃኘት ይገደዳሉ። በምላሹ የሚሰጠው ግን በብረት የማይገኝ ድምፅ ነው፤ ጥቂት ሻካራ፣ መነሻው እንደ ተነባቢ ፊደል የሚሰማ።

ከሁሉ የሚከብደው ኖታው የማይናገረው ነው። የፈረንሳይ ሙዚቀኞች እኩል ተደርገው የተጻፉ ድምፆችን አንዱን ረዘም፣ ተከታዩን አጠር አድርገው ይጫወቱ ነበር፤ ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አልጻፈውም። የምናውቀው ከምስክሮች ነው። ከእነዚህ አንዱ ጌኦርግ ሙፋት ነው፤ በወጣትነቱ ፓሪስ ተምሮ ወደ ጀርመን አገር ከተመለሰ በኋላ በ1698 ባሳተመው መጽሐፉ መቅድም ላይ፣ የሉሊ ሰዎች ቀስታቸውን እንዴት እንደሚስቡ፣ የእያንዳንዱን ምት የመጀመሪያ ድምፅ ሁሉም በአንድነት ቀስት ወደ ታች ስበው እንደሚጀምሩ በዝርዝር ጻፈ። ሙፋት ይህን የጻፈው ለፓሪስ ሰዎች አልነበረም፤ እነርሱ ያውቁታል። የጻፈው ለማያውቁት፣ ለሩቆቹ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ማንም ሕዝብ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር ራሱ አይጽፈውም።

በሦስተኛው ገቢር አንድ ትዕይንት አለ። ሜዱዛ ዋሻዋ ውስጥ ሆና የጠፋ ውበቷን ታስታውሳለች፤ ሉሊ ይህን ድርሻ የሰጠው ለወንድ ድምፅ ነው። ዛሬ በወረቀት ላይ ስታነቡት የሚያሥቅ ይመስላል። በዝቅተኛው ቅኝትና በአንጀት አውታር ስትሰሙት ግን ሣቅ የለበትም፤ ቂም የቋጠረ፣ የተዋረደ ሰው ድምፅ ነው። ቀጥሎ መርኩሪ መጥቶ በዜማ ያስተኛታል። ተኝታ ሳለች ትገደላለች። እኔ ይህን ትዕይንት መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ጀግናውን ሳይሆን የምትገደለዋን ነው ያዘንሁላት። የመሣሪያ ለውጥ የፍርድን ሚዛን እስከ ማዛባት ይደርሳል ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርሁትን የሰማ ሰው፣ «እንግዲያው የድሮውን መሣሪያ መልሶ መሥራት ነው፤ ድምፁ ይመለሳል» ሊል ይችላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። የተሳሳትሁት እዚሁ ወለጋ ውስጥ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ የሚኖሩ ጌረርሳ አዋቂ ሽማግሌ እንዳሉ ሰማሁ። ጌረርሳ ለማታውቁት፣ አንድ ሰው ተነሥቶ የአደንና የጦር ሜዳ ውሎውን፣ የዘሩን ቆጠራ፣ አንዳንዴም በደሉንና ድህነቱን የሚያሰማበት የኦሮሞ ዜማ ነው። የሚደረደረው በአንድ ድምፅ ነው፤ አጃቢ መሣሪያም አይሻም። እኔ ግን መጽሐፍ ያነበብሁ ሰው ነኝ። መቅረጫ ይዤ ሄድሁ፤ ክራር የሚመታ ልጅም አስከተልሁ፤ ክራሩን በስልኬ መቃኛ በ440 አስቃኘሁት። በኋላ ለመተንተን ይመቸኛል ብዬ ነው። ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ጎረቤት፣ የልጅ ልጆች፣ ሁለት ሦስት የሽማግሌው እኩዮች። እኔ በትሕትና፣ ግን በጽናት፣ ሁሉንም ዝም እንዲሉ ለመንሁ። ላም ስትጮኽ እንኳ ቅር አለኝ።

ሽማግሌው ክራሩን ለመከተል ጣሩ። ድምፃቸው ጉሮሮአቸው ላይ ተንጠለጠለ። አንድ ሁለት ጊዜ ቆም ብለው እኩዮቻቸውን ተመለከቱ፤ እኩዮቻቸው ግን የእኔን ጣት አይተው አፋቸውን ዘጉ። ስንጨርስ ቀረጻውን እንዳሰማቸው ጠየቁኝ። ማዳመጫውን ጆሮአቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙና፣ በኦሮምኛ እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ሰው የለውም እንዴ?»

ያን ቀን ነገሩ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ልመለስ ቀጠሮ ይዤ ተለየኋቸው። ክረምቱ ሲወጣ ስመለስ ሽማግሌው ዐርፈው ነበር። በእጄ የቀረው ሰው የሌለው ሰውዬ ድምፅ ብቻ ነው።

ያጠፋሁት ሦስት ነገር ነው፤ የማይገባ መሣሪያ ጨመርሁ፣ የማይገባ ቅኝት ጫንሁ፣ ተቀባዩን አስወጣሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም የሙዚቃ ተማሪ ይነግራችኋል። ሦስተኛውን ግን በመጽሐፍ አላገኘሁትም። ጌረርሳ ሲደረደር ሰሚው ይመልሳል፤ ያበረታታል፣ የሰማውን ቃል ያጸድቃል፣ አንዳንዴም ሌላው ተነሥቶ ይቀጥላል። ያ መልስ ጌጥ አይደለም። አቅራቢው የሚተነፍሰው በእርሱ ላይ ነው፤ ቀጣዩ ስንኝ የሚመጣው ከእርሱ ነው። ሽማግሌው እኩዮቻቸውን የተመለከቱት ለዚህ ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ የተማርሁት ከቤቴ ነው። የአባቴ እኅት፣ በእኛ አገር አጠራር አዳዳዬ፣ ዓይኗ ደክሟል። አንድ ቀን በመጽሐፍ የታተመ የላም ማለቢያ ዘፈን አነበብሁላት፤ ደስ ይላታል ብዬ ነው። ፊቷ አልፈታም። «ምንድን ነው የምታነበው?» አለችኝ። ነገርኋት። «ላሟስ?» አለችኝ። ቆይታ፣ በእጇ ጉልበቷን እንደ ጡት እየሳበች፣ ራሷ ጀመረችው። ቃሉ በመጽሐፉ ካለው ብዙም አይለይም። ምቱ ግን ከወተቱ አወራረድ የሚመጣ ነው፤ መጀመሪያ ቀጭንና ፈጣን፣ ማለቢያው እየሞላ ሲሄድ የወፈረና የዘገየ። ይህን የትኛው ፊደል ይጽፈዋል?

እዚህ ከተማ ላይ ሆኖ ስለ ተጻፈ ዘፈን የሚናገር ሰው አስቴር ጋኖን ሳያነሣ ማለፍ አይችልም። አስቴር በባርነት ተይዛ በባሕር ስትጋዝ በ1886 የጣሊያን መርከብ መርከቢቱን ያዘና ነፃ ወጣች፤ ምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። እዚያም በቃሏ የያዘቻቸውን አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌዎችና እንቆቅልሾች በጽሑፍ አሰፈረች። ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ያዘጋጀችው የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ በ1894 ሲታተም ከዚያ ስብስብ ብዙውን ይዞ ወጣ። በ1899 የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉምም ያለ እርሷ ድካም አይታሰብም። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ ነቀምቴም የሥራቸው ቦታ ሆነች።

አስቴርን ሳስብ ሁልጊዜ ሙፋት ይመጣብኛል። ሁለቱም ከምንጩ ርቀው ሳሉ ነው የጻፉት። እርሱ የፓሪስን ቀስት ለጀርመኖች፣ እርሷ የአገሯን ቃል በቀይ ባሕር ዳር ሆና። ሰው በናፈቀው መጠን ይጽፋል። ነገር ግን የጎደላቸው የተለያየ ነው። «ፔርሴ» ኖታው ተርፎ የሚዘፍነው ሰው ጠፋ፤ የአስቴር ዘፈኖች ቃላቸው ተርፎ ኖታቸው ከመጽሐፉ ውጭ ቀረ። የፈረንሳዮቹ ችግር ምስክሮቻቸው በሙሉ መሞታቸው ነው። የእኛ ምስክሮች ግን ዛሬ ጠዋት ገበያ ውለዋል። ከዚህ አዳራሽ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ላም የሚያልቡ ሴቶች አሉ። እኛ እያደረግን ያለነው እነርሱ እስኪያልፉ ጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ የሙፋትን ዓይነት መቅድም መፈለግ ነው።

አሁን ወደ ፓሪስ ልመለስ፤ ጎድሎ ያገኘሁትን ነገር እዚያም አግኝቼዋለሁና። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆሴፍ አዲሰን በ1711 «ስፔክቴተር» በተባለው ጋዜጣው ላይ ስለ ፈረንሳይ ኦፔራ ሲጽፍ፣ ተመልካቹ ከመድረኩ ጋር አብሮ እንደሚዘፍን፣ አንዳንዴም ዋናው ዘፋኝ በሕዝቡ ድምፅ እንደሚዋጥ እያላገጠ ተናግሯል። ለእርሱ ይህ ሥርዓት ማጣት ነበር። እኔ ግን ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ። የሉሊ መዘምራን ዜማ ለምን እንዲያ ቀላል፣ ለምን እንዲያ ተደጋጋሚ፣ ለምን አንዴ ተሰምቶ የሚያዝ እንደ ሆነ ለእኔ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በአራተኛው ገቢር አውሬው ተገድሎ ኢትዮጵያውያን ደስታቸውን ሲዘምሩ፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ዜማውን ከዚህ በፊት አምስት ጊዜ ሰምቶት ሊሆን ይችላል፤ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም።

የ2001ዱ ቀረጻ አንጀቱን መልሷል፤ ሃርፕሲኮርዱን፣ ቴዎርቦውን፣ ኦቦውን አሰምቶናል። አብሮ የሚዘፍነውን ሕዝብ ግን አልመለሰም፣ ሊመልስም አይችልም። ከሉሊ መሣሪያዎች ሁሉ አንዱ፣ ምናልባትም ትልቁ፣ ከመድረኩ በታች ተቀምጦ ነበር። ይህን መሣሪያ የሚጠርብ ባለሙያ የለም።

አሜሪካዊው ሊቅ ሪቻርድ ታራስኪን ስለ ዘመኑ መሣሪያዎች እንቅስቃሴ ሲጽፍ፣ «ጥንታዊ» የሚባለው አጨዋወት በእውነቱ የሃያኛው መቶ ዓመት ጣዕም ነው፤ ፈጠን ያለ፣ ንጹሕ፣ ስሜቱን የቆጠበ፤ ሲል ተከራክሯል። ብዙ ሰው ተቆጥቶበታል። እኔ ግን አብዛኛውን እቀበለዋለሁ፤ ሆኖም ይህ ቀረጻዎቹን ከንቱ አያደርጋቸውም። ለእኛም ማስጠንቀቂያው ይጠቅመናል። «የድሮው ንጹሕ ነው» እያልን የናይለን አውታር ክራር የሚመታውን የነቀምቴ ወጣት እንድንንቅ የሚያደርግ ምንም ምክንያት የለም። በገናውን ያየን እንደ ሆነ ግን ቁምነገር አለበት፤ የበግ አንጀት አውታሩና ከአውታሩ ሥር የምትገባው ቆዳ፣ እንዚራ የምንላት፣ ባይኖሩ ያ የሚርገበገብ ድምፅ በገና አይሆንም። እንግዲህ መጠየቅ ያለብን መሣሪያው አሮጌ ነው ወይስ አዲስ ብለን ሳይሆን፣ ይህ ዜማ ያለ ምን አይቆምም ብለን ነው። ለበገና እንዚራ ነው። ለጌረርሳ ተቀባይ ነው። ለአዳዳዬ ላሟ ናት።

ከዚህ ተነሥቼ ለመስክ ሥራ ለምትወጡ ተማሪዎቻችን የምጠይቀው ጥቂት ነገር አለ። መቃኛውን ቤት ትታችሁ ሂዱ፤ ሽማግሌው የጀመሩበት ድምፅ ራሱ መነሻው ነው፤ ስንት ንዝረት እንደ ሆነ በኋላ ቤታችሁ ትለኩታላችሁ። ሁለት ማይክሮፎን ካላችሁ አንደኛውን ወደ ተቀባዮቹ አዙሩት። በመዝገቡ ላይ የአቅራቢውን ስም ብቻ ጽፋችሁ አትመለሱ፤ የመለሱትም አቅርበዋል፣ ስማቸው ይጻፍ፣ ፈቃዳቸውም ይጠየቅ። የልጅ ልቅሶ፣ የበር ድምፅ፣ የከብት ጩኸት ቢገባ አትዘኑ። ይህን ስል አንዳንድ ባልደረቦቼ ቅር እንደሚላቸው ዐውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ቀረጻ ለመጻፍም ለመተንተንም አስቸጋሪ ነው፤ ቃሉ በቃል ላይ ይወድቃል፣ ዜማው ይሸፈናል። እውነት ነው። ስለዚህ ጊዜ ከኖራችሁ፣ ባለ ዜማውም ከፈቀዱ፣ በማግሥቱ ጸጥ ባለ ቦታ ሁለተኛ ቅረጹ። ቅደም ተከተሉን ግን አታገላብጡ። እኔ ሁለተኛውን መጀመሪያ ቀረጽሁ፤ መጀመሪያውን የምቀርጽበት ቀን አልተሰጠኝም።

የአስቴርን ዘፈኖች በተመለከተ ያሰብነው ሥራ ገና ጅምር ነው። ከመጽሐፉ ላይ ዘፈኖቹን ለይቶ ወደ ገጠር መውሰድ፣ ማንበብ ሳይሆን ማስታወስ ለሚችሉ ሰዎች የመጀመሪያውን ስንኝ ብቻ ማቀበል፣ ከዚያ ዝም ማለት። የሚያውቁት ይቀጥሉታል፤ የማያውቁት ሌላ ያመጣሉ፤ ሁለቱም ይመዘገባል። ኦሮምኛ የሚናገሩ፣ ቢቻል እዚያው አካባቢ የተወለዱ ተማሪዎች እንፈልጋለን። የሴቶቹን ዘፈን ለመቅረጽ ሴት ተማሪዎች ያስፈልጉናል፤ ለወንድ የማይዘፈን አለና። ስማችሁን ከአዳራሹ ስትወጡ በር ላይ ባለው መዝገብ ማስፈር ትችላላችሁ።

ከጥያቄዎቻችሁ በፊት ሁለት ድምፅ አሰማችኋለሁ። አንደኛው ከ2001ዱ ቀረጻ የሜዱዛ ትዕይንት ነው። ሁለተኛው የእኒያ ሽማግሌ ጌረርሳ ነው፤ ክራሩ ከነስሕተቱ አለበት። ከፊት ረድፍ ላይ የተቀመጡት አባቶች ከእኩዮቻቸው መካከል ናቸው፤ ያን ቀን ቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ ቀረጻውን ግን እስከ ዛሬ አልሰሙትም። ከመጡበት ከተማ ለዚህ ብለው በማለዳ ተነሥተው ደርሰዋል። የአዳራሹ መቅረጫ ክፍት ነው፤ ማይክሮፎኑም ወደ እነርሱ ዞሯል።